ፋብሪካውን ልንወቅስ የሄድንበት እሑድ

«ፋብሪካው ነው አሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያናድደኛል። የቱ ፋብሪካ? ማን አለ? ያለውስ ሰው ሄዶ አይቷል? እንዲህ ብዬ ስጠይቅ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ ስለዚህ በወጣትነቴ ጥያቄዬን ውጬ ዝም ማለትን ለምጄ ነበር። ዝም ስል ደግሞ የተስማማሁ እየመሰላቸው ይቀጥላሉ። ይህ ልማዴ ያበቃው በአንድ የሐምሌ እሑድ ነው። ያበቃውም አዳራሽ ውስጥ ተነሥቼ ተናግሬ እንዳይመስላችሁ፤ ከገርጂ ጀርባ፣ ወንዝ ውስጥ ቆሜ፣ ጫማዬን ጭቃ ውጦት፣ ዝናብ እየወረደብኝ ነው።

ዘመኑ የሰማንያዎቹ መገባደጃ ነው። እኔ ሠላሳን የተሻገርኩ፣ ያላገባሁ፣ ቀን በአንድ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ የምጠርዝ፣ ማታ ደግሞ በዕድሜ በጣም ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር ዐሥራ አንደኛ ክፍል የምማር ሴት ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት አድጌ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ለተማረው ነገር ይሳሳል፤ አንድ ቃል ከቦታው ሲዛነፍ ያመዋል። ማተሚያ ቤት የማጥፈውን ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ ሥራ ስለማጓትት አለቃዬ «ስንዱ፣ አንቺ ጠርዢው፤ የገዛው ያነበዋል» ይለኝ ነበር።

የምኖረው በጋሽ ሽፈራው ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ካሉት የኪራይ ክፍሎች በአንደኛው ነው። ጋሽ ሽፈራው ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛና የእድራችን ሊቀ መንበር ናቸው። ንግግር ያምርላቸዋል፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ለቅሶውን ገታ አድርጎ ያዳምጣቸው ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ግን ከወጥ ቤትና ከጓሮ ብዙም አትርቅም። ዝናብ ሲጠነክር ጃንጥላዋን ይዛ ወደ ጓሮ ትሄዳለች፣ ከዚያ ብረት ከድንጋይ ጋር ሲፋጭ እሰማለሁ። የጎርፍ መሄጃ የምትጠርግ ይመስለኝ ነበር። ምን ዓይነት ትጉህ ሴት ናት እያልኩ መጽሐፌን አነባለሁ።

ሰፈሩ ያኔ ዓይናችን እያየ የሚያድግ ነበር። ትናንት ጤፍ የነበረበት ማሳ ላይ ዛሬ ብሎኬት ይቆለላል። ከቦሌ በኩል ባለ ፎቅ ቪላ እየገፋ ይመጣል፣ ከገርጂ በኩል የጭቃ ቤት እየገፋ ይመጣል፣ ወንዙ መካከል ላይ ተጨንቆ ያልፋል። መንገድ የለም፣ የፍሳሽ መስመር የለም፤ ቤቱ ግን ይመጣል።

ከዚህ ሁሉ በፊት እዚያ የነበሩት እማማ ወርቄ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል። ያርሱት የነበረው መሬት ለቤት ተሸንሽኖ ከወንዙ ዳር አንዲት ቀጭን ቁራጭ ብቻ ቀርታላቸዋለች። እሷ ላይ ጎመንና ቆስጣ እየተከሉ፣ ከወንዙ እየቀዱ እያጠጡ፣ ገሚሱን ለሰፈሩ ገሚሱን ሾላ ገበያ ወስደው ይሸጣሉ። ሁለት ላሞችም ነበሯቸው። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ሲናደዱ ግን ወደ ኦሮምኛ ይገባሉ። እኔ ሰንዳፋ አካባቢ ስላደግኩ እሰማለሁና ከእኔ ጋር ማውራት ይወዱ ነበር። ማውራት ስል እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ አዳምጣለሁ።

ክረምቱ በገባ ሰሞን አንደኛዋ ላም ተቅማጥ ይዟት፣ ከስታ ከስታ ሞተች። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛዋ፣ ዳለቻ የሚሏት፣ መብላት አቆመች። ያመጡት የእንስሳት ሐኪም አፏንና ዓይኗን አይቶ፣ ወንዙንም ወርዶ አይቶ፣ መድኃኒት እሰጣታለሁ፣ ከዚህ ውሃ መጠጣት ካላቆመች ግን መድኃኒቱ ከንቱ ነው አላቸው። ሌላ ውሃ የለም። የቦኖው ቧንቧ ሰው እንኳ ተሰልፎ ባዶ ጀሪካን ይዞ የሚመለስበት ነው። የከብት ነጋዴ መጥቶ አይቷት፣ ሰኞ ጠዋት ልመለስ ብሎ ሄደ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ በተሰበሰበበት እማማ ወርቄ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። ያሉት ቀላል ነው። ውሃውን የሚያበላሸው ማን እንደሆነ ዛሬ ታውቆ የሚቆም ከሆነ፣ እስኪጠራ ድረስ ከየትም ተሸክመው ላሚቱን ያቆዩአታል። የማይቆም ከሆነ ነገ ትሄዳለች፤ እሳቸውም ደግመው ከብት የሚባል ነገር አያስሩም።

ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «ፋብሪካው ነዋ» አለ።

ወደ ላይ፣ ወንዙ ከሚመጣበት በኩል፣ አንድ የቀለም ፋብሪካ ነበር። ውሃው አንዳንዴ ሰማያዊ እንደሚሆን ያየ ሰው አለ ተባለ። ያየው ሰው ግን በስብሰባው ላይ አልነበረም። ኬሚካል ነው፣ መርዝ ነው፣ ባለቤቱ ከትልቅ ሰው ጋር ስለሚዋወቅ ነው የማይነካው ተባለ። ጋሽ ሽፈራው ተነሡና «ይህ በሕዝብ ጤና ላይ የተቃጣ ነው» ብለው ጀመሩ፤ ሲጨርሱ ሰው አጨበጨበ። ኮሚቴ ተመረጠ። ሊቀ መንበሩ ራሳቸው፣ ጋራዥና ላቫጆ ያላቸው ሐጂ ነስሩ፣ ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት ያላት እትዬ ዘውዴ። አሁኑኑ በሐጂ ፒክ አፕ ሄደው የፋብሪካውን ሰዎች ፊት ለፊት ሊያነጋግሩ ተስማሙ።

እማማ ወርቄ መኪናውን አይተው እንቢ አሉ። «በመኪና ውሃ አይታይም» አሉ። «እኔ ዳሩን ይዤ ነው የምሄደው። ከብት ሲታመም አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርገው።» ሐጂ መንገዱ ጭቃ ነው ብለው ለመኗቸው፤ እሳቸው ከዘራቸውን አንሥተው መንገድ ጀመሩ። ሽማግሊት በእግራቸው እየሄዱ በመኪና ማለፍ ነውር ነውና ኮሚቴው እየተነጫነጨ ተከተለ። እማማ ወርቄ ዞር ብለው እኔን ጠሩኝ።

«ስንዱ፣ አንቺም ነይ።»

«እኔ ኮሚቴ ውስጥ የለሁም እማማ።»

«አውቃለሁ። አንቺ አታወሪም፣ ታያለሽ። እነሱ ያወራሉ።»

ሄድኩ።

ከእኛ ግቢ ጀርባ ባለው የግንድ መሻገሪያ ወረድንና ዳሩን ይዘን ወደ ላይ መውጣት ጀመርን። ወንዙን ከዚያ በፊት ከላይ፣ ከድልድይ ላይ ሆኜ ነው የማውቀው። ከታች ሌላ ነገር ነው። ፌስታሉ በየቁጥቋጦው ላይ እንደ ቅጠል በቅሏል። ለሚሠሩት ቤቶች የተቆፈረው አፈር ወደ ውሃው ተገፍቶ ወርዷል፤ አሸዋና ኖራ የተቦካበት በርሜል የሚታጠበውም እዚያው ነው። የየቤቱ አጥር ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቷል። ይህን ልብ በሉልኝ፦ አንድም ቤት ፊቱን ወደ ወንዙ አላዞረም።

ጥቂት እንደሄድን ከአንድ አጥር ሥር የሚወርድ ጥቁር መስመር አገኘን። ድንጋዩን ቅባት አልብሶታል፣ ውሃው ላይ ሲደርስ ቀስተ ደመና ይሠራል። ጋሽ ሽፈራው ከዘራቸውን ቀስረው «ይኸው! የፋብሪካው ኬሚካል!» አሉ። እትዬ ዘውዴ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ላይ ተመለከተችና መሳቅ ጀመረች።

«ሐጂ፣ ይሄ የእርስዎ ጋራዥ አይደለም እንዴ?»

ሐጂ ቀና ብለው አጥሩን አዩት። የራሳቸውን አጥር ከዚያ በኩል አይተውት የሚያውቁ አይመስለኝም። «እሱ የተቃጠለ ዘይት ነው» አሉ። «ዘይት ደግሞ ከውሃ ጋር አይደባለቅም፤ ከላይ ከላይ ነው የሚሄደው። ላም ደግሞ ከሥር ነው የምትጠጣው።»

ላም ከሥር ነው የምትጠጣው! በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ያለ መልስ የጻፈ ልጅ ቢኖር መምህራችን ወረቀቱን ለክፍሉ ያነቡለት ነበር። ኮሚቴው ግን ራሱን ነቀነቀ፤ እውነት ነው፣ ዘይት ይንሳፈፋል። አለፍን። እማማ ወርቄ ከዘራቸውን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አሳርፈው፣ ጫፉን አይተው፣ በሳር ጠረጉት።

ከጋራዡ በላይ ሽታው ተቀየረ። ሁለት ውሾች ከውሃው ዳር የሆነ ነገር ይጎትታሉ። ፈርስ ነው፤ ከበሬ ሆድ የወጣው፣ ገና አረንጓዴ የሆነው፣ ቁልል ብሎ ወንዙ ውስጥ እየፈረሰ። አጠገቡ ቀይ ውሃ በቀጭኑ ይወርዳል። አሁን የመሳቅ ተራው የሐጂ ነበር።

«ዘውዴ፣ ፋብሪካው በሬም ያርዳል ማለት ነው?»

«ሥጋዬን የሚበላው ሰው እንዲህ አይልም» አለች እትዬ ዘውዴ፤ ፊቷ ግን ቀልቷል። ቄራ ወስዶ ማሳረድ ምን ያህል እንደሚያንገላታ፣ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ መዋል መሆኑን አስረዳችን። ደግሞስ ፈርስ ምንድን ነው? ሳር አይደለም? ላም ሳር አትበላም? ፈርስ እንዲያውም ለመሬት ማዳበሪያ ነው፤ የእማማ ወርቄ ጎመን እንዲህ ያማረው በምን ይመስላችኋል አለች። እሷ የምትለው ጎመን ለምግብ ቤቷ በየሳምንቱ የምትገዛው ነው። እማማ ወርቄ በኦሮምኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። ተርጉሚ ያለኝ የለም፣ እኔም አልተረጎምኩም። ሰው ሲሰድቡ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

ከዚያም ቀጠልን። ላቫጆ አለፍን፣ የሳሙናው አረፋ ወንዙን አልፎ ማዶ ደርሷል፤ እሱም የሐጂ ነው። የዶሮ ላባ አለፍን። የአጥሮቹን ሥር ሳይ በየግቢው አንድ አንድ ቱቦ ወደ ወንዙ አፉን አውጥቶ አየሁ። በማዳበሪያ ጆንያ ተወትፎ፣ ድንጋይ ተደግፎበታል። ይህ ደግሞ ምን ይሆን አልኩና ዝም አልኩ። ጋሽ ሽፈራው ከፊት ከፊት እየሄዱ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ የሚያደርጉትን ንግግር ለሐጂ እያሰሙ ነው። እኔ ከኋላ ሆኜ ልጮህ ደርሻለሁ። እግራችን ሥር ያለውን አይተን እናልፋለን፣ ገና ያላየነውን እንወቅሳለን!

ፋብሪካው ጋ ስንደርስ በሩ በሰንሰለት ተቆልፏል። ግቢው ውስጥ ሳሩ ጉልበት ድረስ አድጎ ሁለት በጎች ይግጣሉ። ካፖርት የለበሰ ዘበኛ ከጎጆው ወጣ። ጋሽ ሽፈራው ጉሮሯቸውን ጠርገው ንግግራቸውን ጀመሩ። የሕዝብ ጤና አሉ፣ የዜጎች መብት አሉ፣ ትዕግሥታችን ተሟጧል አሉ። ዘበኛው ቆቡን አውልቆ በአክብሮት አዳመጣቸውና ሲጨርሱ እንዲህ አለ።

«ጌታዬ፣ እዚህ እኮ ሥራ የለም። ከአምና ጀምሮ ቆሟል። ጥሬ ዕቃ ጠፋ ብለው ሠራተኛውን በትነውታል። እኔና በጎቹ ብቻ ነን።»

«ታዲያ ወንዙ ውስጥ የሚለቀው ማን ነው?» አሉ ሐጂ።

«ምኑን?»

ምኑን እንደሆነ ለመናገር ሁሉም አመነቱ። ዘበኛው ወስዶ የፋብሪካውን የፍሳሽ ቱቦ አሳየን። ደረቅ ነው። አፉ ላይ ሸረሪት አድርታለች። ሲሠራ የነበረ ጊዜ ንጹሕ ነበር ወይ ብትሉኝ አላውቅም፤ አልነበረም ብዬ እገምታለሁ፣ የቱቦው ሥር ድንጋይ ዛሬም ቀለም አለው። ያን ክረምት ግን ከዚያ ቱቦ ጠብ ያለ ነገር የለም።

እማማ ወርቄ እኛን ትተው ከፋብሪካው በላይ፣ ወንዙ ከባሕር ዛፍ መካከል ወደሚወጣበት ሄዱ። ተከተልኳቸው። ውሃው የክረምት ውሃ ነውና ቡናማ ነው፤ አፈር ይዟል። ግን አይሸትም። ዘበኛው ያጠበው ሸሚዝ ቁጥቋጦ ላይ ተሰጥቷል። እማማ ወርቄ ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ዘገኑ፣ አሸተቱት፣ ፊታቸውን ታጠቡበት። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደመጣንበት፣ ረጅም ጊዜ አዩ።

«አየሽ?» አሉኝ።

«አየሁ እማማ።»

ስንመለስ ኮሚቴው መደምደሚያው ላይ ደርሷል። ሐጂ ፋብሪካው ሰው ሳያየው በድብቅ ሊሠራ ይችላል ይላሉ። እትዬ ዘውዴ ዘበኛው ተገዝቶ ይሆናል ትላለች። ጋሽ ሽፈራው ለመንግሥት የሚጻፈው አቤቱታ በጠንካራ ቃል መጻፍ አለበት፣ ጽሕፈቱም ለስንዱ ይሰጥ፣ እጇ ያምራል አሉ። ሸረሪቷን አብረን አይተናታል እኮ! አራታችንም ጎንበስ ብለን አይተናታል። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

ሰማዩ ከየካ ተራራ በኩል ጠቆረ። ፒክ አፑ ቤት ቀርቷል፤ ወደ ሰፈር የሚያደርሰው አጭር መንገድ የመጣንበት የወንዙ ዳር ነው። እየተጣደፍን ወረድን። ላቫጆው ጋ ስንደርስ ጀመረ፤ መጀመሪያ በትልልቅ ጠብታ፣ ከዚያ እንደ ሐምሌ ደንቡ። በቆርቆሮው ጣሪያ ሁሉ ላይ ጩኸት ሆነ፣ እርስ በርስ መሰማማት አቃተን።

በዚያ ጩኸት መካከል አንድ ድምፅ ለየሁ። ብረት ከድንጋይ ጋር ሲፋጭ። ከላይ፣ ከአንድ አጥር ጀርባ። ትንሽ ቆይቶ ከሌላ አጥር፣ ከዚያ ከማዶ። ምን እንደሆነ ከመረዳቴ በፊት ሽታው መጣ። ከኋላችን ካለው ቱቦ ላይ ጆንያው በረረና ከጀርባው የነበረው ሁሉ ተከትሎት ወረደ። ከዚያ የሚቀጥለው። ከዚያ የሚቀጥለው። ሰፈሩ በሙሉ፣ ዝናብ ሲጠነክር ጎርፉ ይወስደዋል ብሎ፣ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ በአንድ ጊዜ ከፈተው። እኛም ከወንዙ ውስጥ ነን።

እትዬ ዘውዴ ጮኸች። ሐጂ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ድንጋይ ላይ ወጡ። እኔ እማማ ወርቄን በክንዳቸው ይዤ ወደ መሻገሪያው ግንድ ሮጥኩ፤ ጋሽ ሽፈራው ከፊታችን ናቸው። ግንዱ ጋ፣ ልክ በግቢያችን አጥር ሥር፣ አንድ ቱቦ አለ። ጃንጥላ የያዘ እጅ ከአጥሩ በላይ ታየ፣ ቀጥሎም ፌሮ ብረት ወረደና ድንጋዩን ገፋው። ጆንያው ተነቀለ። ጋሽ ሽፈራው ወደ ኋላ ዘለሉ፤ ግን ዘገዩ።

የእትዬ ብርቄ ፊት ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ።

«እንዴ ሽፈራው! እዚያ ምን ትሠራለህ?»

ጋሽ ሽፈራው ሱሪያቸውን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። «ብርቄ፣ ዝጊው!» አሉ።

«ዝናቡ ሳያባራ ልክፈተው ብዬ ነው እንጂ! አንተ አይደለህ እንዴ ሁልጊዜ ፍጠኚ የምትለኝ?» ከዚያ እኛን አየችን፤ ሐጂን፣ ዘውዴን፣ እማማ ወርቄን። የምትገባበት ጠፋት። ደግ ሴት ስለሆነች ግን ሰላምታ አልነፈገችንም፤ «እንደምን ዋላችሁ» ብላ ጃንጥላዋን ዝቅ አደረገች።

ጋሽ ሽፈራው ወደ እማማ ወርቄ ዞሩ። ከታች እስከ ጉልበታቸው የሆኑትን ሆነው፣ ድምፃቸውን አስተካክለው፣ «ይሄ የጎርፍ ውሃ ነው» አሉ። «ከመንገድ የሚመጣ ጎርፍ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀብኝ። ለመናገር ወስኜ አልተናገርኩም፤ ሳላስበው ድምፄ ወጣ።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ጎርፍ አይደለም። ሽንት ቤታችን ነው። እኔም የምጠቀምበት ነው። ያኛው የሐጂ ዘይት ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው የእትዬ ዘውዴ ፈርስ ነው። ፋብሪካው ተዘግቷል። ከፋብሪካው በላይ ውሃው አይሸትም፤ ከዚያ ጀምሮ እስከዚህ ድረስ ያለው የእኛ ነው። የሌላ የማንም አይደለም።»

ዝናቡ እየጮኸ ነበርና ለመሰማት መጮህ ነበረብኝ። ጋሽ ሽፈራው ተከራይ እንዲህ ይጮህባቸዋል ብለው በሕይወታቸው አላሰቡም።

እማማ ወርቄ ግንዱ ላይ ተደግፈው ቆሙ። ተቆጥተው አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ሦስቱንም በየተራ እያዩ።

«ትዘጉታላችሁ? እሱን ብቻ ንገሩኝ። ነጋዴው ነገ ይመጣል።»

እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ ልተው፣ መልሶቹን እንዳሉ ልጻፍላችሁ። ሐጂ ዘይቱን የት ልድፋው፣ መንግሥት ቦታ ይስጠኝና እደፋለሁ አሉ። እትዬ ዘውዴ ሁሉም ከዘጋ እኔም እዘጋለሁ፣ ለብቻዬ ብዘጋ ምን ይለውጣል አለች። ጋሽ ሽፈራው ሽንት ቤት ለሚመጥጠው መኪና ከተመዘገቡ ቆይተዋል፣ መኪናው በክረምት ጭቃ ሰፈራችን አይገባም፣ ጉድጓዱ ሞልቶ ግቢው ላይ ይፍሰስ ወይ አሉ። ይህ እውነት ነው። መኪናውን ስንጠብቅ ከርመናል። ሦስቱም መልስ የየራሱ እውነት አለበት፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ዋሽተው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

በመጨረሻ ጋሽ ሽፈራው ጉዳዩ በኮሚቴ ይታያል አሉ።

«ያ ወቃ» አሉ እማማ ወርቄ፣ አምላካቸውን ጠርተው። ክንዴን ያዙና ወደ ቤታቸው ሄድን።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት በቤታቸው በኩል አለፍኩ። ነጋዴው መጥቷል። ዳለቻ ለመነሣት እየተንገዳገደች ነበር፤ ነጋዴው በገመድ ይጎትታል፣ እማማ ወርቄ ከኋላ ወገቧን ይደግፋሉ። በሩ ጋ ስትደርስ ቆማ ወደ ኋላ አየች፤ ከብት ሁሉ እንዲህ ያደርጋል አሉኝ፣ ትርጉም አትስጪው። ከሄደች በኋላ ወደ ጓሮ ገብተው ጎመኑን ከሥሩ እየነቀሉ ይከምሩት ጀመር። ሊሸጡት መስሎኝ ነበር። ጉድጓድ ምሰው ቀበሩት።

በሳምንቱ እትዬ ዘውዴ ሠራተኛዋን ልካ ጎመን አስጠየቀች። የለም ሲባል ራሷ መጣች። ምነው እማማ፣ ተቀየሙን እንዴ፣ ጎመን ከሾላ ድረስ ልናስመጣ ነው ወይ አለች። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«አልተቀየምኩም» አሉ እማማ ወርቄ። «ላሜን የገደለ ውሃ ነው። ለሰው አላበላም።»

እትዬ ዘውዴ ያን ጎመን በሥጋ እየሠራች ስታበላና ራሷም ስትበላ ነው የከረመችው። ይህ ወደ ልቧ ሲገባ ፊቷ ላይ አየሁት። ደግማ ጎመን ሳትጠይቅ ሄደች። እማማ ወርቄም መስቀል ሳይደርስ ያቺን ቁራጭ መሬት ለቤት ሠሪ ለቀው ወደ እህታቸው አገር ሄዱ።

እኔን በተመለከተ፣ ጋሽ ሽፈራው ልጃቸው ከክፍለ ሀገር መጥታ ክፍሉ ውስጥ ልትኖር መሆኗን በጨዋ ደንብ ነገሩኝ። ልጃቸው አልመጣችም። እኔ ግን ወጣሁ። ወደ ኮተቤ ተሻገርኩና ዐሥራ ሁለተኛን ከዚያ እየተመላለስኩ ጨረስኩ። ከዚያም ሊቀበለኝ የሚችለውን ኮሌጅ ገባሁ፤ ሥነ ሕይወት ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ። ያ እሑድ ባይኖር መጽሐፍ እየጠረዝኩ፣ እያነበብኩ፣ ዝም እያልኩ እኖር ነበር። መጥፎ ኑሮ አልነበረም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ዝም ስል ያ ሽታ ይመጣብኛል።

ቤት በተከራየሁ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ሽንት ቤቱ ወዴት ነው የሚሄደው?» የሚል ሆነ። ስለ ውሃ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ሰዓት እላፊ ሳይሆን እሱን። አከራዮች እንደ እብድ ያዩኛል። አንዱ «ወዴት ይሄዳል፣ ይሄዳል እንጂ!» አለኝ። ያንን ቤት አልተከራየሁም።

እናንተስ? ከዚያ ወዲህ ከተማው ሰፍቷል፤ የእኛ ወንዝ ዛሬ በአስፋልት ሥር ያልፋል፣ ኢምፔሪያል አካባቢ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ሰው መስኮት ይዘጋበታል። ፋብሪካ ሁሉ ንጹሕ ነው እያልኳችሁ አይደለም። የሚለቅ አለ፣ ሊጠየቅም ይገባል። ግን ልትጠይቁት ስትነሡ ከራሳችሁ አጥር ጀርባ ጀምራችሁ በእግር ሂዱ። እኔንም ዝም ብላችሁ አትመኑኝ፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል ጓሮ ውጡና እዩ።

እትዬ ብርቄን ከዓመታት በኋላ ለቅሶ ቤት አገኘኋት። አቅፋ ሳመችኝ፣ ስለ ትምህርቴ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ የቆየባትን ነገር ነገረችኝ።

«ከዚያ ቀን በኋላ ያቺን ብረት ነክቼ አላውቅም፤ ስምሽን ይዤ ማልኩ።»

ደስ አለኝ። ሳልደብቅ ደስ አለኝ። ታዲያ ቱቦው ተዘጋ ማለት ነው አልኳት።

«ኧረ የት ተዘግቶ» አለች እትዬ ብርቄ። «አሁን ጃንጥላውን ይዞ እሱ ራሱ ነው የሚወጣው።»